ከካራማራ ጀርባ የወረዱት ሰው

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ቢሆን። ግጥም እጽፋለሁ። ማንም ሳያስተምረኝ ቃል መምረጥ ቻልኩ ብዬ እኮራ ነበር። ያጠፋሁትም በቃል ነው።

ጋሽ ደምሴና እኔ በሰው አገር፣ ዩለስ የምትባል ከተማ አንድ ግቢ እንኖራለን። ሁለታችንም ኤርፖርት ስለምንሠራ በእኔ መኪና አብረን እንሄዳለን። መንገድ ላይ የሚያወሩኝ ስለ ሶማሊያው ጦርነት ነበር፤ በሄሊኮፕተር ጭነው ከካራማራ ተራራ ጀርባ፣ ጠላት መሃል እንዳወረዷቸው። አጠገባቸው ተቀምጠው ከነበሩት ሰባት ሰዎች አንድም አልተመለሰም። ያንን ወስጄ ግጥም አደረግሁት። ጎረቤት ከተማ ጋርላንድ፣ የኛ ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ ውስጥ አነበብኩት፤ ተጨበጨበልኝ።

በዚያው ሰሞን የዜግነት ፎርማቸውን ሞላሁላቸው። ሐረር ያለችውን ባለትዳር ልጃቸውን ለማምጣት መጀመሪያ ዜጋ መሆን ነበረባቸው። ወታደር ነበሩ ወይ የሚለው ጥያቄ ጋ ስደርስ፣ ሳልጠይቃቸው «ኖ» ላይ ምልክት አደረግሁ። የደርግ ወታደር ነበርኩ ያለ ሰው ፋይሉ ይያዝበታል ሲባል ሰምቼ ነበር። ከማን ሰማሁ? ከኛው ሰው፣ ከፓርኪንግ ወሬ። ምነው አንድ ጊዜ እንኳ ብጠይቃቸው?

የኢንተርቪው ቀን አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ። ኦፊሰሯ ያንኑ ጥያቄ አነሳች፤ ነገርኳቸው። ጋሽ ደምሴ ቀና አሉ።

«አዎን፣ እግረኛ ወታደር ነበርኩ። በሄሊኮፕተር ነው ያወረዱን» ብለው ጣታቸውን ከራሳቸው በላይ አዞሩ።

እኔ «ኖ» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ያስጨበጨቡልኝን ሰባት ሙታን በአንድ ቃል ካድኳቸው። ግን «ኖ»ን የማያውቅ ማን አለ? ጋሽ ደምሴ ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያ ወደ ኦፊሰሯ ተመልሰው፣ በራሳቸው እንግሊዝኛ «የስ። ሶልጀር» አሉ።

ኦፊሰሯ ፎርሙን አገላበጠች። ማን እንደሞላው ጠየቀች። እኔ ነኝ ማለት ይከብድ ነበር? ጥያቄውን ብቻ ወደ አማርኛ መለስኩት።

«እኔው ነኝ የሞላሁት በላት» አሉኝ፤ የእንግሊዝኛ ፊደል በቅጡ የማይለዩት ሰው።

አልኳት።

በፎርሙ ላይ ዋሽተዋል ተብለው ዜግነቱን ተከለከሉ። ልጃቸው ዛሬም ሐረር ናት። ጋሽ ደምሴ ዛሬም ጠዋት ጠዋት መኪናዬ ውስጥ ይገባሉ፤ ስለ ሄሊኮፕተሩ ግን ከዚያ ወዲህ አንስተው አያውቁም። እኔም ይቅር በሉኝ ብዬ አላውቅም።

ለእሳቸው ብዬ ነው አልልም፤ መጀመሪያ ለእሳቸው ነበር፣ በኋላ ለራሴ። አንተ የምታነበኝ፣ ይህን ብቻ ያዝልኝ፦ በዚያ ቀን አንዲት ቃል ሳላጎድል የተረጎምኩት፣ እሳቸው እኔን ለማዳን የዋሹትን ውሸት ነው።