የአራተኛዋ ስም

ትናንት ከሰዓት በኋላ... ደባርቅ መናኸሪያው አጠገብ ባለችው የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቄ ቁጭ ብዬ የሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። ጉሙ ከመውረዱ የተነሳ ማዶ ያለው ሱቅ እንኳ አይታይም። አንድ ሽማግሌ ቄስ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ብለው ገቡ።

የመጡት ከዳባት ገጠር ነው፤ ዳባት መብራት ጠፍቶባቸው። በጸሎት የሚታሰቡ ሙታን ስም የሰፈረበት ያረጀ ደብተር ይዘዋል። ዓይናቸው ስለደከመ በትልልቁ፣ ምንም ሳላሳጥር እንድገለብጥላቸው ፈለጉ።

እኔ ቀኑን ሙሉ ወ/ሮ እና ጽ/ቤት ስጽፍ የምውል ሰው ነኝ፤ ምን ይከብደኛል ብዬ ጀመርኩ። ለካ እዚያ ደብተር ላይ «ገ/» ገብረ ነው፣ «ኃ/» ኃይለ ነው፣ «ወ/» ደግሞ ለወንድ ወልደ፣ ለሴት ወለተ ነው። ስለዚህ «ወ/» ባየሁ ቁጥር ወንድ ነው ሴት እያልኩ እጠይቃለሁ። እሳቸውም ሟቹን አስታውሰው ይነግሩኛል።

ሦስተኛው ገጽ ላይ የእናቴን ስም አገኘሁ። «የውባለም ልጆች» ይላል፤ መንደሩም የእኛው። ከሥሩ አራት ስሞች አሉ።

እናቴ ከእኔ በፊት ሦስት ልጆች ቀብራለች፤ ይህን አውቃለሁ። አራተኛው ስም ግን... የእኔ የክርስትና ስም ነው።

በልጅነቴ ከመንደሩ ስለወጣሁ ቄሱ አያውቁኝም። እንደ ምንም ብዬ እንደሌሎቹ ጠየቅሁ።

«አራተኛውስ አባ፣ ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት ናት።»

«መቼ ነው የሞተችው?»

ወደ በሩ ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አልሞተችም።»

እናቷ ሦስቱን ቀብራ ይህችን ስትወልድ እግራቸው ላይ ወድቃ ለመነቻቸው። ከሙታኑ ጋር ጻፉልኝ፣ ሞት ሲመጣ ይህችንስ ወስጃታለሁ ብሎ ይለፈኝ አለች። እምቢ አሉ። ሦስት ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ በር አልነሳም ስትላቸው ጻፉላት። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሕይወት ላለች ልጅ ነፍስ ይማር ሲሉ ኖሩ።

«እናቷም አርፋለች» አሉኝ። «አሁንስ ከዚህ ሐሰት ልውጣ፤ እሷን አትጻፊያት ልጄ።»

እናቴ አንድም ቀን ትንፍሽ አላለችም። እውነቱን ልናገር... የፈራሁት ዝርዝሩ ውስጥ መኖሬን አይደለም፣ ከዚያ መውጣቴን ነው።

ስሙን ግን ጻፍኩት።

አትሜ ስሰጣቸው እንደ ወጉ መረቁኝና በጸሎት እንዲያስቡኝ የክርስትና ስሜን ጠየቁኝ።

«መዝገቡ ላይ አለሁ አባ» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ወረቀቱን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው ወደ ጉሙ ተመልሰው ገቡ። ሰርዢውም፣ ተዪውም አላሉኝም።

ስሜን እዚህ የማልጽፈው ለዚህ ነው። ሞት ፌስቡክ ይኑረው አይኑረው አላውቅም... ለማንኛውም ሼር አታድርጉት።