ሁለቱም «ግልባጩ እኔ ነኝ» ያሉበት ገጽ

ጎንደር፣ አራዳ ውስጥ መጽሐፍ ከሚያከራይ ሱቅ ያገኘነው ልብ ወለድ ሽፋንም መጨረሻም አልነበረውም። ከባሕር ማዶ የተተረጎመ ነው። አንድ ሐኪም ከአንድ ሰው የደም ጠብታ ወስዶ ሌላ ሰው ያበቅላል። የበቀለው ሰው መልኩም፣ ድምፁም፣ ትዝታውም ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነው፤ እናቱ በልጅነቱ የገረፈችው ሳይቀር ትዝ ይለዋል። ሁለቱ ሰዎች አንድ ቤት በር ላይ ቆመው ሲያንኳኩ መጽሐፉ ያልቃል። ያልቃል ማለቴ፣ የቀረው ተቀዷል። ባለሱቁን ብንጠይቀው «የተከራያችሁት ያለውን ነው» ብሎ አባረረን።

ያኔ እኔና ጓደኛዬ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን። እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ፤ አባቴ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ይሠራ ነበር። ጓደኛዬ ከዛሪማ መጥቶ እኛ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይማራል። «የቀረውን እኛ እንጻፈው» ያለው እሱ ነው። ወይም እኔ ነኝ። ይኼን አሁን ማንንም ጠይቄ ላጣራ አልችልም።

ለሁለተኛው ሰው መጠሪያ ያወጣሁለት እኔ ለመሆኔ ግን እርግጠኛ ነኝ፤ ቃሉን ያገኘሁት ከአባቴ ቢሮ ነውና። አባቴ ደብዳቤ ሲመጣ ዋናውን አንድ ፋይል ውስጥ፣ ግልባጩን ሌላ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል። እኛም የመጀመሪያውን ሰው ዋናው፣ የበቀለውን ግልባጩ አልናቸው። ከባሕር ማዶ አምጥተንም ሳንጃ ላይ የሰሊጥ ነጋዴ አደረግናቸው፤ ለሁለቱም አንዲት ሚስትና አንድ መሬት ሰጠናቸው። ሐኪሙን ገና በመጀመሪያው ገጽ በወባ ገደልነው፤ ለኛ አይጠቅመንም ነበር።

ታሪካችንን የጻፍንበትን ደብተር የእጅ ጽሑፍ ማስረዳት አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው በሱ ነው። የጓደኛዬ አባት ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት በመቃ ብዕር ብራና ላይ ይጽፋሉ። ትልቅ መጽሐፍ ሲሆን ሁለት ጸሐፊዎች ይካፈሉታል፤ የሁለቱም ኩራት እጅ የተለወጠው የት ላይ እንደሆነ አንባቢው ሳያውቅ ሲቀር ነው። ጓደኛዬ ይኼን እጅ ከአባቱ ወርሷል። በተራ እስክሪብቶ እንኳ ሲጽፍ ፊደሉ እንደ ምሰሶ ይቆማል። መጽሐፉን ከማግኘታችን በፊት አንድ ክረምት ሙሉ እኔን አስተማረኝ፤ ክፉ አስተማሪ ነበር። መስመሩ ሊያልቅ ሲል እጄ ከፈጠነ ወረቀቱን ይነጥቀኛል። «ምነው ትጣደፋለህ? የሚያባርርህ አለ?» ይለኛል። በመጨረሻ አንዳችን ዐረፍተ ነገር ጀምረን ሌላው ይጨርሰው ጀመር። ስማችንን የትም አልጻፍንም። ጥሩ የወጣውን ገጽ ሁለታችንም የኔ ነው እንላለን፤ የተበላሸውን ሁለታችንም ያንተ ነው እንባባላለን።

ደብተሩ በክፍላችን ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንባቢዎቻችን ዳር ዳሩ ላይ አስተያየት ይጽፉ ነበር። አንድ የቄስ ልጅ «ግልባጩ ክርስትና ተነሥቷል ወይ? ትዝታው ተነሥቷል፣ ሥጋው ግን አልተነሣም» ብሎ ጻፈና ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ከፊት ወንበር የምትቀመጥ ልጅ «ሚስቲቱ ሁለቱንም ታባርራቸው» አለች። እኛ ግን ሚስቲቱ አንድ ጥያቄ እንድትጠይቃቸው አደረግን፤ ሁለቱም በአንድ አፍ መለሱላትና ቁጭ ብላ አለቀሰች። ቀበሌው ግልባጩን አልመዘግብም፣ የስኳር ካርድም አልሰጥም አለ። ሁለቱም ማለዳ እየተነሡ «ዋናው እኔ ነኝ፤ ሚስቱም መሬቱም የኔ ነው» እያሉ ሲጣሉ ይውላሉ። ውሸቴን አይደለም፣ እንደዚያ የሣቅኩበት ጊዜ በሕይወቴ ብዙ አይደለም።

ከዚያ ያ ገጽ መጣ። ብሔራዊ ውትድርና ታውጇል፤ በየቀበሌው ስም እየተለጠፈ ነው። በኛም ታሪክ ውስጥ የሰሊጥ ነጋዴው ስም ተለጠፈ። ስም አንድ፣ ሰው ሁለት። ሊወስዷቸው የመጡት ሰዎች በር ላይ ቆመው «ዋናው ማነው?» ሲሉ፣ ስድስት ምዕራፍ ሙሉ ዋናው እኔ ነኝ ሲሉ የኖሩት ሰዎች በአንድነት «ግልባጩ እኔ ነኝ» አሉ። ገጹ እዚያ ላይ ያበቃል።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትነን ውጤት ስንጠብቅ፣ አንዷ አንባቢያችን ቀበሌ ስብሰባ ላይ ደብተሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ስታነብ ተያዘች። ከማን እንዳገኘችው ተናገረች፤ አልፈርድባትም። በማግሥቱ እኔና ጓደኛዬ ተጠራን።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ያንን ገጽ ጮክ ብሎ አነበበልን። ጥግ የተቀመጠው ጸሐፊ ሣቀ፤ ወዲያው ደግሞ ሣቁን ዋጠ። ሊቀ መንበሩ ከመጨረሻው መስመር ሥር በቀይ እስክሪብቶ አሰመረና «ይኼን የጻፈ ማነው?» አለ። ለያንዳንዳችን ወረቀት ሰጥቶ መፈክር አስጻፈን። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ ከደብተሩ ጋር አስተያየ፣ ወደ መስኮቱ ይዞ ሄደ፣ ተመለሰ። ሊለያቸው አልቻለም። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል እንጂ፣ እዚያ ቆሜ በእጄ ጽሑፍ ኮርቼ ነበር።

«እኔ ሁለት ሰው አያስፈልገኝም» አለ ሊቀ መንበሩ ሲሰለቸው። «ከኮታዬ የጎደለኝ አንድ ሰው ነው። የጻፈው ይዘምታል፣ ሌላው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ተነጋገሩ።»

አልተነጋገርንም። ጓደኛዬ «የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ። «እሱ የኔን እየገለበጠ ነው የሚጽፈው።»

አፌን ከፍቼ ነበር። ምን ልል እንደነበር አላውቅም፤ መልሼ ዘጋሁት። በታሪካችን ውስጥ ከዘመቻ የሚያድነው ግልባጭ መሆን ነበር፤ እሱ ያንን ቦታ ለኔ ሰጠኝ። የተሰማኝ ደስታ ነው። ሌላ ስም ልሰጠው ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ ደስታ ነበር። ሊቀ መንበሩ ስሙን መዘገበና ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ደራሲ ማን እንደሆነ አላሳሰበውም። ደብተሩን አንሥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን ጭነው ወሰዱት። አንድ ደብዳቤ ብቻ ጻፈልኝ፤ ካምፕ ከገባ በኋላ ነው። የቤተሰቡን ደህንነት ከጠየቀ በኋላ «ዋናው ደህና ነው፤ ግልባጩ እንዴት ነህ?» ይላል። መልስ ጻፍኩ። ሌላ አልመጣም።

እኔ ውጤት መጣልኝና ለመምህራን ማሠልጠኛ አለፍኩ። አባቱ እስኪመጡ ድረስ አንድ ነገር አምኜ ኖርኩ፤ ያ ገጽ የሱ ነው። ቀልዱም የሱ ቀልድ ነው፤ እኔ እንደዚያ አልደፍርም። እውነቱን ተናገረና ሄደ፣ እኔም እውነት ስለሆነ ዝም አልኩ። እንዲህ ብዬ ሳስብ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ከመስቀል በኋላ አባቱ የልጃቸውን ሳጥን ሊወስዱ በጭነት መኪና ሊማሊሞን ወጥተው መጡ። እንዳሰብኳቸው ረጅም አልነበሩም። ክፍሉ በር ላይ በርጩማ አወጣሁላቸውና ሳጥኑን አምጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩ። ልብሱን አንድ በአንድ እያወጡ እንደገና አጠፉት። ደብተሩን እታች አድርጌው ነበር፤ የሱ ነው ብያለሁና ከሱ ዕቃ ጋር ይሂድ ብዬ።

«ጽሑፍ ጽፎ ነው የወሰዱት ብለውኛል» አሉ። «የቱ ነው ልጄ?»

ቀይ መስመር ያለበትን ገጽ ገልጬ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ወደ ፀሐዩ አዞሩት። የሚያነቡ አይመስሉም ነበር፤ ጣታቸው በየመስመሩ መጨረሻ ብቻ እየቆመ ይወርዳል። ወደ ኋላ አንድ ገጽ ገለጡ፤ ወደ ፊት ተመለሱ።

«ይኸ የልጄ እጅ አይደለም።»

«ነው፣ አያ» አልኩ።

«አይደለም። የኔ ልጅ መስመር ሊያልቅ ሲል ይጣደፋል። ስንት ዘመን ተቆጥቸው አልተወም። እይ፣ ይኸ የሱ ነው» ብለው ፊተኛውን ገጽ አሳዩኝ። ሳይ፣ የመጨረሻዎቹ ፊደሎች እውነትም ወደ ዳር ዘንበል ብለዋል። ሁለታችንም ስንት ወር አብረን ስንጽፍ እኔ አላየሁትም ነበር። «ይኸኛው አይጣደፍም። እስከ ዳር ድረስ ተረጋግቶ ነው የሚሄድ።»

ገጹን ደግመው አዩት። ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈልጌ ነበር፤ ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«ሸጋ እጅ ነው» አሉ። «ማን አስተማረህ?»

«ልጅዎ ነው፣ አያ።»

ደብተሩን ዘጉ። ሳጥኑን ቆለፉና ደብተሩን እኔ እጅ ላይ አኖሩት።