የማትሱሺማው መርዶ

ባለፈው ሳምንት ታላቅ ወንድሜ ከመካነ ሰላም ደወለ። የከብቱን፣ የዝናቡን፣ የጤፉን ሁሉ አንድ በአንድ ነግሮኝ ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አክስታችን ማረፏን አረዳኝ። እኔን እንግዲህ በስልክ ነው የነገረኝ። ዕድሜዬ ስለገፋ ይሆናል፤ ወይም ከእንግዲህ ደግፎ የሚይዘኝ ሰው አያስፈልገኝም ተብሎ ተወስኗል። ወዲያው ግን ትእዛዝ ተከተለ።

"ለትርንጎ እንዳትነግራት።"

ትርንጎ የአክስታችን ልጅ ናት። ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች።

"ለምን?" አልኩ።

"ሰው ተሰብስቦ ይነገራታላ፣ ስትመጣ።"

"መቼ ነው የምትመጣው?"

"እሱን እግዜር ያውቃል።"

የእኛ መርዶ ጣጣው ብዙ ነው። ስልክ አይወድም፣ መንገድ አይወድም፣ ቀትር አይወድም። ሽማግሌ ይፈልጋል፣ ንጋት ይፈልጋል፤ ሐዘንተኛው ራሱን መሬት ላይ እንዳይጥል ግራና ቀኝ የሚይዙት ክንዶች ይፈልጋል። ዋዜማውን ደግሞ ሰውዬው በደንብ በልቶ እንዲያድር ይደረጋል። ይህ ሁሉ እስኪሟላ ድረስ ሟቹ በዘመድ አፍ ሕያው ሆኖ ይቆያል፤ እህሉን ያጭዳል፣ ገበያ ይወጣል፣ ሰላምታ ይልካል። ይህን ጥበብ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አብዛኞቹ አልደረሰባቸውም። በእኔ ላይ ጃፓን አገር፣ በአንድ ስመ ጥር የባሕር ወሽመጥ ዳር፣ ከጠዋት እስከ ማታ ተፈጽሞብኛል።

ወጣት ነበርኩ። ሰንዳይ በምትባል ከተማ የአፈር ጥበቃ ሥልጠና ላይ ነበርን። "ነበርን" ስል ከአገር የመጣነው እኔና ሰይድ ብቻ ነን። ሰይድ የወረኢሉ ሰው ነው፤ በዕድሜ ትንሽ ይበልጠኛል፣ በወሬ ግን በብዙ። አባቴ ቄስ ነበሩ። ከዐቢይ ጾም አጋማሽ ጀምሮ ቤት በደወልኩ ቁጥር አላገኛቸውም ነበር። "አባባስ?" ስል "ቅዳሴ ላይ ናቸው" ይለኛል ወንድሜ። ጾሙ አለቀ፣ ፋሲካ መጣ፣ ፋሲካ አለፈ፤ አባቴ አሁንም ቅዳሴ ላይ ናቸው። የቄስ ልጅ ሆኜ እንዲህ ያለ ረጅም ቅዳሴ እንደሌለ እንዴት ጠፋኝ? ማወቅ የማይፈልግ ሰው ምን ያህል የዋህ እንደሚሆን ያየሁት በራሴ ነው።

አባቴ በጾሙ አጋማሽ ዐርፈው፣ በደጀ ሰላማቸው ተቀብረው፣ አርባቸው እየተቃረበ ነበር። ወንድሜም መርዶውን ለሰይድ አደራ ብሎታል። ስለዚህ ያን ቀን ወደ ወሽመጡ ከሄድነው ሦስት ሰዎች ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን ከወዲሁ የምነግራችሁ አንባቢን አንጠልጥሎ በማቆየት ስለማላምን ነው። መንጠልጠሉን በሌላ በኩል ጠግቤዋለሁ።

ሰይድ ሙስሊም ነው፤ በእነሱ ዘንድ ሬሳም አይውል፣ ወሬም አይውል። ግን የወሎ ሰው ነውና የጎረቤቱን ለቅሶ ሥርዓት ከቄሶቹ እኩል ያውቀዋል። በአደራው ላይ አንዲት ነገር ሊያጎድል አልፈለገም። የጨነቀው የሽማግሌ ነገር ነበር። ሰንዳይ ውስጥ የወሎ ቦረና ሽማግሌ ከየት ይምጣ? አስቦ አስቦ የመኖሪያችንን ዘበኛና ጠባቂ ሳቶ ሳንን መረጠ፤ ሳን የሚሉት እንደ እኛ አቶ ነው። ሳቶ ሳን ሽበታም፣ ዝምተኛ፣ አምፖል የሚቀይሩልን፣ ጫማችንን ደጅ ላይ ካላወለቅን በዓይናቸው የሚቀጡን አዛውንት ነበሩ። ሽማግሌነታቸው አያጠያይቅም። ዕቅዱም እንዲህ ነበር፦ አንድ ቀን ሙሉ ሲያዞሩኝ ውለው፣ አብልተውና አድክመው ያሳድሩኛል፤ በነጋታው ጎህ ሲቀድ ሁለቱ መጥተው በሬን ያንኳኳሉ።

ጠዋት ሰይድ ብርድ ልብሴን ገፈፈኝ።

"ተነሥ፣ የቄስ ልጅ። ደሴት ልናይ ነው።"

"ልብስ አጥባለሁ ዛሬ።"

"ልብስህ የትም አይሄድም። ማትሱሺማ ነው የምንሄደው፤ ጃፓን ካሏት ሦስት ውብ ቦታዎች አንዱ ነው ይላሉ።"

"እንግዲያው ወደ ሁለቱ ሂድና እኔን ተወኝ።"

አልተወኝም። ስወጣ ሳቶ ሳን በሩ ላይ ቆመዋል፤ ጥቁር ሱፍ፣ ጥቁር ክራቫት፣ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ጫማ። ለጀልባ ሽርሽር! ጎንበስ ብለው እጅ ነሡኝ፤ ከወትሮው ዘለግ አለብኝ። የአገሩ የሽርሽር ወግ ይሆናል ብዬ እኔም ጎንበስ አልኩ። በሰው አገር ያልገባህን ሁሉ ወግ ነው ብለህ ታልፈዋለህ።

ባቡሩ ላይ ሰይድ በቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ድቡልቡል የሞላበት ከረጢት ከፈተ።

"ብላ።"

"በላሁ እኮ።"

"አንድ ጨምር፣ በሞቴ።"

"ሰይዶ፣ የፋሲካ በግ ነው እንዴ ያደረግኸኝ?"

"ፋሲካ አልፏል፤ ጾም የለብህ። ብላ!" ብሎ በባቡሩ ሕዝብ ፊት በእጁ አጎረሰኝ። ጃፓኖቹ በጨዋነት መስኮት መስኮቱን አዩ። ቦርሳዬን ነጥቆ ተሸከመ። ስነሣ ይነሣል፣ መጸዳጃ ቤት ስሄድ ደጅ ይጠብቃል። ከወረዳ ወደ ዞን የሚተላለፍ እስረኛ እንኳ ከእኔ የተሻለ ነፃነት አለው።

ማትሱሺማ ደረስን። ያካፋል። ጀልባው ላይ ወጣን፤ ድምፅ ማጉያው ያለ ማቋረጥ ይናገራል፣ አሞሮች ብስኩት ለመቀማት ከላያችን ይጮኻሉ፣ ሕዝቡ ከግራ ወደ ቀኝ እየተንጋጋ ፎቶ ያነሣል። ደሴቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ ነጣ ያለ ገደል፣ በገደሉ አናት ላይ የተጣመመ ጥድ። ውብ ናቸው፤ አልዋሽም። ግን እኔ ይህን ወሽመጥ ዐውቀዋለሁ። በክረምት ጠዋት የዓባይ ሸለቆ በጉም ሲሞላ፣ ከላይ የሚቀሩት የአምባዎች አናት ብቻ ናቸው፤ በበሽሎ በኩል ደግሞ መቅደላ ራሷ እንደ መርከብ ትንሳፈፋለች። ትኬት የሚቆርጥ የለም፣ ድምፅ ማጉያ የለም። ይህን ለሰይድ ብነግረው "እሺ፣ እሺ፣ ብርድ ነው፣ ተሸፈን" ብሎ ሻርፑን አንገቴ ላይ ጠመጠመው።

ከጀልባው ስንወርድ የአገሩ መታወቂያ ነው የተባለውን፣ ቅርፊት ውስጥ የተኛ የባሕር ፍጡር በከሰል ጠብሰው አቀረቡልን። እኔ በሃይማኖቴ አልበላም አልኩ። ሰይድም ትኩር ብሎ አየና "ለኛ ሐላል ነው የሚሉ አሉ፤ ወላሂ እነሱ አላዩትም" አለ። ሳቶ ሳን የሦስታችንንም በሉ።

ከዚያ የማስታወሻ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገባን። ጥግ ላይ ቀላል፣ ቢጫ፣ የቀርከሃ ምርኩዝ አየሁ። አነሣሁት፤ ልኩ ልክ የአባቴ ነው።

"ይህን እወስዳለሁ።"

"ተወው" አለ ሰይድ።

"ለአባባ ነው።"

"ሌላ ጊዜ ትገዛለህ።"

"ሌላ ጊዜ የት አገኘዋለሁ? ምን ሆነሃል አንተ? ከጠዋት ጀምሮ እንደ ሕፃን ታዝለኛለህ፣ አሁን ደግሞ ለአባቴ ምርኩዝ አትገዛም ትለኛለህ?"

"አብሽር፣ ቀስ በል..."

ትቼው ወደ ሳቶ ሳን ዞርኩ። ምርኩዙን ከፍ አድርጌ፣ በዚያች በተሰባበረች ጃፓንኛዬ "የአባቴ" አልኳቸው።

ሳቶ ሳን ምርኩዙን አዩ፤ እኔን አዩ። እጃቸውን ወደ ጎን ሰብስበው ወገባቸው እስኪታጠፍ ጎነበሱ፤ አልተነሡም። እንዳጎነበሱ፣ ወለሉን እያዩ፣ ሰይድ ለነገ ንጋት ሲያስጠናቸው የሰነበተውን አማርኛ አንድ በአንድ አወጡት።

"እግ-ዚ-አብ-ሔር ያ-ጽ-ና-ህ።"

ሱቁ ውስጥ የሻይ ኩባያ የሚመርጡ ሴቶች ነበሩ። ሙዚቃ ነበር። እኔ ቆሜያለሁ። ሰይድ ከኋላዬ መጥቶ ሁለት ክንዶቼን ጥርቅም አድርጎ ያዘ።

"ልቀቀኝ" አልኩ።

"አልለቅህም።"

"አልወድቅም እኮ!"

"እሱን አንተ አታውቅም።"

አልወደቅሁም፤ አላለቀስኩምም። ንዴት ብቻ ነበረኝ፦ በወንድሜ ቅዳሴ፣ በሩዙ፣ በጥቁሩ ክራቫት። ያለቀሰው ሰይድ ነው። አውጥቶኝ በአንድ ቀይ ድልድይ ወደ አንዲቱ ደሴት እየመራኝ፣ ዓይቷቸው ለማያውቃቸው አባቴ በአገራችን ዜማ ሙሾ አወረደላቸው።

"ባሕር የተሻገረው ያ ታናሽ ልጅዎ፣
ሳይመለስ ለምን ወጡ ከቤትዎ?"

ሳቶ ሳን ጃንጥላ ይዘው፣ ጥቂት ራቅ ብለው ይከተሉናል። ወደ ሰንዳይ ተመለስን። መርዶ ተነግሮኛል፣ ጉዳዩ አልቋል ብዬ በሬን ዘግቼ ተኛሁ።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሰይድ ነጭ ሸማ ተከናንቧል፤ ሳቶ ሳን በዚያው ጥቁር ሱፍ ናቸው።

"ምንድን ነው ደግሞ? ትናንት ሰማሁ እኮ!"

"ትናንት የሰማኸው ወሬ ነው" አለ ሰይድ። "ግባና ተቀመጥ።"

ተቀመጥኩ። ግራና ቀኜ ተቀመጡ። ሰይድ የአባቴን ስም ከነማዕረጉ ጠርቶ፣ የት እንደ ተወለዱ፣ በየትኛው ደብር እንዳገለገሉ፣ በየትኛው ዛፍ ሥር እንደ ተቀበሩ ነገረኝ። የማላውቀው አንድም ነገር አልጨመረም። ሲጨርስ ግን ወደ ፊት ስደፋ፣ ሁለት ክንዶች ቀድመው ደርሰው ነበር። አንደኛው የጃፓን ክንድ ነው። ምን ያህል ጮኼ እንዳለቀስኩ ከላይኛው ፎቅ የወረዱት ሰዎች ያውቃሉ።

እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ደንቡ ሞኝ ቢሆን ኖሮ በሰላም እጠላው ነበር። ውሸቱን አሁንም እጠላዋለሁ፤ አንድ ሰው ለሞቱ አባቱ ምርኩዝ እስኪመርጥ ድረስ መተው ነውር ነው፤ ለዚህም ከወንድሜ ጋር በየበዓሉ እንጨቃጨቃለን። ሆኖም ትርንጎን በስልክ፣ የሰው ምጣድ እያጠበች፣ ብቻዋን ሳለች "እናትሽ ሞታለች" በላት ብትሉኝ ምላሴ አይታዘዘኝም።

ስለዚህ ሰው አፈላለግሁ። እዚያው ከተማ የምትሠራ፣ ዓርብ ዓርብ ከትርንጎ ጋር የምትገናኝ አንዲት የወግዲ ሴት አገኘሁ። በስልክ ሁሉን አስረዳኋት።

"እሺ ጋሼ፣ እኔ እነግራታለሁ" አለችኝ።

"ብቻሽን አይደለም። ጓደኛ ጥሪ። በጠዋት አድርጉት። ደግሞ ሐሙስ ማታ ደውይላት፣ ራቷን መብላቷን አረጋግጪ።"

ይህን ሁሉ ያልኩት እኔ ነኝ።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ትርንጎ ከጠዋት ጀምሮ ትደውላለች፤ እናቷ ስልክ አላነሣ እንዳለቻት ልትነግረኝ ይሆናል። ካነሣሁ ወይ እዋሻታለሁ፣ ወይ እነግራታለሁ። እንደማልዋሽ ምያለሁ። ይኸው፣ ይህን ስጽፍ ስልኬ ጠረጴዛዬ ላይ ይጠራል፤ እኔም ቁጭ ብዬ እስኪያቆም እጠብቃለሁ።