መርዶ በስልክ አይነገርም

የእየሩስ ሥራ ሰው መግደል ነው። ኧረ አትደንግጡ፣ በውሸት ነው!

ላሊበላ፣ ከአሸተን ማርያም ተራራ ሥር፣ እናቷ ቤት ላፕቶፗን ከፍታ ትቀመጣለች። ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስኮት እንጂ ሌላ ነገር የለም። እዚያ ላይ አንዲት መስመር ትዕዛዝ ትጽፍና ጠቅ! ከዚያ በኋላ መሣሪያው እሷን አይፈልግም። ለብቻው ባዶ ቦታ ያዘጋጃል፣ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ይጭናል፣ የሌሉ ሰዎች ይፈጥራል፣ አንዱን ይገድላል። መልእክቱ ለማን ደረሰ፣ ለማን አልደረሰም ብሎ ያጣራል። ከዚያ ሁሉንም አፍርሶ ወደሚቀጥለው ሟች። ልክ ከሆነ አረንጓዴ፣ ከተበላሸ ቀይ። ድሮ ይህን ሁሉ በእጇ ነበር የምትሠራው፤ ስትጨርስ ፕሮግራሙን የምትጽፈው ጓደኛዋ ፀደይ አዲስ አበባ ሆና አንድ ነገር ትቀይራለች፣ እየሩስም እንደገና ሀ ብላ ትጀምራለች።

ፕሮግራሙ የቅሬ ነው፤ ሌላ አገር እድር የሚሉት። ጥሩንባ ከጋራው ወዲያ አይሰማም፣ ግማሹ አባል ደግሞ ለንግድ ኩልመስክ ከተማ ገብቷል። ስለዚህ ቅሬው በስልክ መልእክት ይጥራ ተባለ። እየሩስ አንድ ነገር ብቻ አለች፦ የሟች ቤተ ዘመድ መልእክቱ እንዳይደርሰው። መርዶ ሽማግሌ ነው የሚያረዳው፣ አጠገብ ሆኖ።

ምክንያት አላት። ደሴ ስትማር፣ የኮሌጁ ደረጃ ላይ ቆማ ከልጆች ጋር እየሳቀች ስልኳ ጢን አለ። አንድ የሠፈር ልጅ ነው፦ «ነፍስ ይማር እህቴ፣ ወንድምሽን በጣም ነበር የምወደው።» የወንድሟን ሞት እንዲህ ነው የሰማችው። እስካሁን ስልኳ ጢን ባለ ቁጥር ከማንበቧ በፊት ትቀመጣለች።

የውሸት ሟቾቿን በሰው ስም አትጠራም፤ ሟርት ነው። እናቷ ከበር ብቅ ይሉና፣

«ዛሬስ ማን ሞተ?»

«አቶ መዶሻ።»

«እንዴ! ትናንት ሞተው አልነበር?»

«ነገም ይሞታሉ፣ እማ።»

«ምስኪን! ማረፊያም የላቸው።»

ቅሬው በፕሮግራሙ ሊጀምር አንድ ቀን ሲቀረው የቅሬው ዳኛ ጋሽ ከፋለ መጡ። ጋሽ ከፋለ ከአፋቸው በፊት ከዘራቸው ነው የሚናገረው፤ ኳ! ኳ!

«አለቀ?»

«አለቀ ጋሼ። እናት፣ አባት፣ ልጅ፣ ወንድም፣ የክርስትና ልጅ ሳይቀር ፈትኛለሁ።»

«ተባረኪ! ወንድሜ መሐመድኑርም እፎይ ይላል። ኩልመስክ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ስንት ቀብር አመለጠው።»

«ወንድምዎ? የሥጋ?»

«እናቱ እሱን ስትወልድ ሞተች። እናቴ ናት ከኔ ጋር ያጠባችው፤ አንዱ ጡት የኔ፣ አንዱ የሱ። እስከ ዛሬ ‹ወተት የሚበዛው ያንተኛው ነበር› እያለ ይከሰኛል!»

ሳቁ። እየሩስ ግን አልሳቀችም። የጡት ልጅ! እንዴት ረሳችው? እዚያው ጻፈች፦ ወይዘሮ እንቅብ ሞቱ፤ የጡት ልጃቸው አቶ ሚዛን። ጠቅ።

ቀይ። አቶ ሚዛን መርዶውን በስልካቸው ተረድተዋል።

ፀደይ ጋ ደወለች።

«ኧረ እየርዬ፣ ለአንድ ቀይ? ይጀምሩና ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን። ደግሞ ስንት የጡት ልጅ አለና ነው?»

«አንድ አይበቃም?»

ከዘራው ኳ! አለ። «ነገ ነው ብዬ ለስንት ሰው ተናግሬ! ውሸታም ልታስብይኝ ነው?»

«ጋሼ፣ አይበለውና፣ እናትዎ እማማ ብርቅዬ አንድ ነገር ቢሆኑ፣ ለጋሽ መሐመድኑር ስልክ ይንገራቸው?»

ጋሽ ከፋለ ከዘራቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡ። «እስኪያልቅ ጥሩንባው ይነፋ» ብለው ወጡ።

ቀላል አልነበረም። ፀደይ የጡት ልጁን ስታስተካክል የአቶ መዶሻ ልጅ ቀይ ትሆናለች፤ እሷን ስትጠግን የክርስትናው ልጅ። እየሩስ ያችኑ መስመር ደጋግማ ጠቅ። አቶ መዶሻ ሞቱ፣ ተነሡ፣ ሞቱ። በመጨረሻ ሁሉም አረንጓዴ ሆነ፣ ቅሬውም ጀመረበት።

እማማ ብርቅዬ ያረፉት መኸር ሲሰበሰብ ነው። የቅሬው ጸሐፊ መልእክቱን ልኮ ሽማግሌዎቹን መኪና ላይ ሲያሳፍር እየሩስም ተከትላ ገባች። ማንም ነይ አላላትም፤ ማንም አትምጪም አላላትም።

ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ተኝቶ ቆይቶ፣ እነሱ ኩልመስክ ሲወርዱ ነቃ። ገበያው መሐል ጢን፣ ወዲያ ማዶ ጢን፣ ከጋሽ መሐመድኑር ሱቅ ፊት ለፊት ያለው ልብስ ሰፊ ጋ ጢን። እየሩስ መንገድ ዳር ቆማ አንዲት ስልክ ብቻ ታያለች፤ የጋሽ መሐመድኑርን፣ ከሱቁ ሚዛን አጠገብ የተቀመጠችውን። ዝም ብላለች።

ልብስ ሰፊው መልእክቱን አነበበ። ስልኩን ኪሱ ከተተና ምንም እንዳልሰማ ወደ ሱቁ ጮኸ፦ «መሐመድኑር፣ ስኳርህ ውስጥ ዛሬ ስንት ኪሎ አሸዋ ጨመርክ?»

«ላንተ ሲሆን አሸዋውም አይገባህ!»

ልብስ ሰፊው ሳቀ፣ ግን ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረ። ወደ ስፌት መኪናው አጎነበሰና ክር የሌለውን መርፌ ዝም ብሎ ያስሮጠው ጀመር። ይሄን ማን አስጠናው? ይሄንንስ በየትኛው መስመር ትፈትነው ነበር?

ሽማግሌዎቹ ገቡ። ጋሽ መሐመድኑር የያንዳንዱን ሽማግሌ ፊት አዩ።

«ከፋለ የለም። ከፋለ ነው?»

«ከፋለ ደኅና ነው። ና፣ ቁጭ በል ወንድሜ።»

አልተቀመጡም። «እማዬ!» አሉና ወደ ፊት ተደፉ። ግን መሬት አልነኩም። በዚህም በዚያም የሰው እጅ ነበር፤ የልብስ ሰፊውም ጭምር።