አባቴ የያዘው ላስቲክ

አምቦ ኮሌጅ ስማር አንድ የስፖርት መምህራችን ሶፍትቦል የሚባል ጨዋታ አስጀመሩን። ኳሱ በዱላ ይመታል፤ እኔ ግን የምወደው መወርወሩን ነበር። ሌሎቹ ሲያርፉ እኔ ግድግዳ ላይ እወረውራለሁ። አንድ ጠዋት ፀጉሬን ለማበጠር እጄን ማንሳት አቃተኝ።

መምህሩ ትከሻዬን ዳሰሱና ረዥም ላስቲክ አወጡ። አንዱ ጫፍ የእጅ አንጓ ላይ ይታሰራል፤ ሌላው በመንጠቆ አጥር ላይ ይያዛል።

«ኳስ አትነኪም» አሉኝ። «ይሄን ብቻ ቀስ ብለሽ ትስቢያለሽ፣ ቀስ ብለሽ ትመልሻለሽ።»

ቀስ ማለት ደግሞ አልፈጠረብኝም።

ብዙም ሳይቆይ ከተማው ታወከና ትምህርት ተቋረጠ። ጌዶ፣ ወላጆቼ ቤት ገባሁ። ወዲያው መንገዱም ተዘጋ። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ መኪናውን ግቢ አቁሞ ከበር እስከ ጓሮ ይመላለሳል። ሬዲዮ ይከፍታል፣ መልሶ ይዘጋል። እኔም እንደሱ መቀመጥ አቃተኝ።

የአሮጌ ጎማ ከመነዳሪ፣ የውስጡን ላስቲክ፣ በረዥሙ ቆረጥኩና የበሩ መቃን ላይ አስሬ መሳብ ጀመርኩ። መቃኑ ተነቃነቀ።

«ማል ታቴ? ምን ሆነሻል? ቤቱን ልታፈርሺብኝ ነው?» አለች እናቴ ከጓዳ ወጥታ።

አባቴ መጣና ላስቲኩን ፈታው። ሊወስድብኝ ነው ስል ጫፉን እጁ ላይ ጠቅልሎ ፊት ለፊቴ ቆመ።

«በይ ሳቢ።»

«አባ፣ ይከብድሃል።»

«ሳቢ አልኩሽ!»

ስቸኩል ይቆጣኛል። «ሱታ! ቀስ! ዳገት ላይ ማርሽ እንዲህ አይቀየርም።»

በየቀኑ እንዲህ ቆምን። አንድ ከሰዓት «እስቲ ያዢልኝ» ብሎ እሱም መሳብ ጀመረ። ፊቱ ሲጨማደድ አየሁት። መሪ ሲይዝ ትከሻውን እንደሚያመው፣ ከጀመረውም እንደሰነበተ ያኔ ነገረኝ። እናቴም አታውቅም ነበር።

መንገዱ የተከፈተ ዕለት ቁርስ እንኳ ሳይበላ ሞተር አስነሳ። ጋቢና ገብቼ አብሬው አምቦ ድረስ ሄድኩ። ኮሌጁ ስደርስ መምህሩ ተዛውረዋል፤ ዕቃው ስቶር ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ከልጆቹም ግማሾቹ አልተመለሱም። ሶፍትቦል በዚያው ቀረ።

ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ሜዳው ላይ የጦር ውርወራ የሚለማመዱትን ልጆች ጠጋ ብዬ «ልሞክር?» አልኳቸው። አንዷ ሰጠችኝ። ወረወርኩ። ትከሻዬን አላመመኝም። የት እንደወደቀ እንኳ ሳላይ ሁለተኛውን ጦር ከእጇ ተቀበልኩ።