በግምገማ የመረጥነው የረጋ እትም

አንባቢዬ፣ አንድ ነገር እንዲገባው ብለው ለሰው ምሳሌ ሰጥተው፣ ሰውየው ነገሩን ትቶ ምሳሌውን ይዞ ሄዶብዎት ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ኩልመስክ በምትባል ከተማ የኮምፒውተር መምህር ሆኜ በተመደብኩ በመጀመሪያው ዓመት ነው።

የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች የሚሠሩት በነጻ በሚታደል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነበር። በየጥቂት ዓመቱ ተፈትኖ ያለቀ አዲስ እትም ይወጣና «የረጋ»፣ በእንግሊዝኛው stable፣ ይባላል፤ እያንዳንዱ እትም ደግሞ የራሱ ስም አለው። እድሳት ከየት እንደሚያመጣ ለማሽኑ ሲነገረው ወይ «የረጋውን» ተብሎ ይጻፍለታል፣ ወይ የእትሙ ስም። በስም ከተጻፈ በዚያው እትም ላይ ጥቃቅን ጥገና እየተቀበለ ይቆያል። «የረጋውን» ከተባለ ግን አዲስ በወጣ ቁጥር ማንንም ሳይጠይቅ ይሻገራል።

እኔ በስም እንዲሆን ፈልጌ ነበር። የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ ዓመቱን ሙሉ የተዘጋጁበት በኪቦርድ የመጻፍ የተግባር ፈተና ነበረባቸው፤ አዲሱ እትምም ሊወጣ ተቃርቧል። በዚያ ዘመን ግን የጠመኔ አቀማመጥ እንኳ ሳይገመገም አይታለፍም ነበር። ጉዳዩ ለሰኞ ግምገማ ቀረበ።

«‹የረጋው› እንደ ፋሲካ ነው» ብዬ አስረዳሁ። «ስሙ ያው ነው፤ ቀኑ ግን ይዞራል። በስም የተጻፈው እንደ ወር ማርያም ነው፤ ሁልጊዜ ወር በገባ በሃያ አንድ ነው።»

ርዕሰ መምህሩ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ቆይ፣ አንተ ልጅ። ከፋሲካና ከወር ማርያም የቱ ይበልጣል?»

«በበዓልነትማ ጋሼ፣ ፋሲካ ነው። ግን እኔ…»

«ታዲያ ትልቁ እያለ ትንሹን ምን አስመረጠን?»

«የቄስ ልጅ ሆነህ ፋሲካን ትቃወማለህ?» አለችኝ የአማርኛ መምህርቷ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ሙስሊሙ የሒሳብ መምህር እጁን አወጣ። «የእኛማ በዓል ሁሉም ይዞራል፤ ምን ሆንን? እኔ ለሚዞረው ነኝ።»

«ጋሼ፣ ፈተና ላይ ቢሻገርስ?»

«ለውጥ መፍራት የኪራይ ሰብሳቢ ጠባይ ነው» አሉኝ ርዕሰ መምህሩ። «ደግሞስ የረጋ ነው ያልከን አንተው አይደለህ?»

«የረጋው» እንዲጻፍ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። የእኔ ተቃውሞ በቃለ ጉባኤው «ሰፊ ውይይት ተደርጎበት» ተብሎ ተመዘገበ።

አዲሱ እትም የወጣው በፈተናው ሳምንት ነው። ማሽኖቹ እንደታዘዙት መሻገር ጀመሩ፤ መሃል ላይ የኢንተርኔት መስመሩ ተቋረጠ። በፈተናው ጠዋት የሁሉም ስክሪን ጥቁር ሆኖ ጠበቀን። ተማሪዎቹ እጃቸውን ታጥበው በር ላይ ተሰልፈዋል።

«የረጋ አልነበረም እንዴ?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«ከዚህ በላይ ምን ይርጋ?» አለ የሒሳብ መምህሩ፣ ያልተነሣውን ማሽን መታ መታ እያደረገ።

ፈተናው ግን በዕቅድ ስለገባ አይቀርም ተባለ። በታዘዝኩት መሠረት ኪቦርድ በወረቀት ላይ ሥዬ አባዝቼ አደልኩ። እኔ ሳነብ ተማሪዎቹ ወረቀቱን በጣታቸው ይጫናሉ፤ እኔም እየዞርኩ ጣታቸውን አርማለሁ። አንዲት ተማሪ ቀና ብላ «መምህር፣ ተሳሳትኩ፤ ማጥፊያው የት ነው?» አለችኝ። አልሣልኩትም ነበር። ዓመቱን ሙሉ የለፋችበት ውጤት በዚያች ወረቀት ላይ ቀረ፤ ለወረዳው የተላከው ሪፖርት ግን ፈተናው «ኮምፒውተር ሳያግደው» መካሄዱን ገለጸ።

እርስዎም እንዲህ ባለ ሲስተም የሚሠሩ ከሆነ፣ ዛሬ በሰላሙ ጊዜ የኮምፒውተርዎ እድሳት ከየት እንደሚመጣ የተጻፈበትን ፋይል ይክፈቱ። «የረጋ»፣ ማለትም stable፣ የሚል ካገኙ አጥፍተው አሁን የሚሠሩበትን እትም ስም ይጻፉበት። መሻገሪያውን ቀን ራስዎ ይምረጡ፤ ፈተና ካለፈ በኋላ ይሁን። እባክዎ ይሞክሩት፤ ስብሰባ ብቻ አይጥሩ።