ሰባት ሰው የፈረመበት ባዶ ገጽ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አንዲት መስመር እንኳ አልተረጎምኩም። ጋሽ ታደሰ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ የትርጉምና የጽሕፈት ቤት ነበራቸው። ወንበር ላይ አስቀምጠውኝ የአንድ ዓሣ ነጋዴ የሽርክና ውል ጮክ ብዬ እንዳነብ አዘዙኝ። እኔ አንቀጹን ሳነብ ነጋዴው ራሱን ይነቀንቃል፣ ጋሽ ታደሰ ግርጌው ላይ አጭር ፊርማቸውን ያኖራሉ። እስኪመሽ አንብቤ ድምፄ ተዘጋ።

ዓመታት አለፉ። እሳቸው ጡረታ ወጡ፣ ቤቱ ለእኔ ቀረ። አንድ ቀን ለጤና ባለሙያዎች የሚታደል የቃላት መፍቻ እንድተረጉም ተሰጠኝ። የደም ግፊቱ፣ የስኳሩ፣ የወሊዱ ገጽ ያለ ችግር አለቀ። ገጽ ዘጠኝ ላይ ግን "ጾታዊ ዝንባሌ" እና "የጾታ ማንነት" የሚሉ ሁለት ቃላት ከነፍቺያቸው መጡ። እውነቱን ለመናገር፣ ልዩነታቸው ለእኔም አልገባኝም ነበር። ዝም ብዬ ወደ አማርኛ አሻገርኳቸው።

መፍቻውን የሚያጸድቀው ኮሚቴ ሰባት አባላት ነበሩት። ሰብሳቢው አቶ መስፍን በዚያ ሁሉ የአርባ ምንጭ ሙቀት ከረባታቸውን የማይፈቱ ሰው ናቸው። ስምንቱን ገጽ አነበብኩ፣ ሰባቱም እየተቀባበሉ ፈረሙ። ዘጠነኛው ላይ ስደርስ አቶ መስፍን እጃቸውን አነሱ።

"ይሄ ሴት ባለችበት አይነበብም።"

"የተየብኩት እኮ እኔ ነኝ" አልኩ።

"ቢሆንም። ለክብርሽ ነው።"

ወጣሁ። በረንዳው ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምኩ። ኋላ መልሰው ጠሩኝ። ለካ አንባቢዋ እኔ ስለሆንኩ፣ ስወጣ የሚያነብ ጠፍቷል። አንዱ መነጽሬን ረሳሁ ብሏል፣ ሌላው ጉንፋን ይዞኛል ብሏል። እንዲህ ተወሰነ፦ ጽሑፉ ለጊዜው ይውጣ፣ ቦታው እንዳይጠፋ ግን ባዶው ገጽ ላይ ይፈረም። ሰባቱም ፈረሙ፣ ማህተም ተመታ። ቃለ ጉባኤው ላይ "ገጽ ዘጠኝ ሰፊ ውይይት ተደርጎበት ጸድቋል" ተባለ። መፍቻው ከነባዶ ገጹ ተባዝቶ ታደለ። እኔ ሳቅሁ እንጂ አልተቃወምኩም።

ከወራት በኋላ ከምዕራብ ዓባያ ኮፍያ ያደረገ የሙዝ ጫኝ መጣ። ከኪሱ ተጣጥፎ የነበረ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። ገጽ ዘጠኝ ነበር።

"እህቴ፣ ይሄን አስተርጉም ተብዬ ነው" አለኝ።

ስሙ ዓለሙ ነው። መታወቂያው ግን ዓለምነሽ፣ ጾታ ሴት ይላል። ጡቱ ላይ እብጠት ወጥቶበታል። ጤና ጣቢያ ሄዶ ሴቶቹ ተራ ላይ ሲቀመጥ ጥበቃው አስነሳው፤ ወንዶቹ ጋ ሲሄድ መታወቂያውና መልኩ አልገናኝ አለ። እንዲህ ሲመላለስ ሁለት ሳምንት አለፈው። ነርሷ ሲስተር ብርቱካን ግራ ቢገባት መፍቻውን ገለጠች፤ ያገኘችው ሰባት ፊርማና አንድ ማህተም ብቻ ነው። ገጹን ገንጥላ ወደ ተርጓሚዋ ላከችው።

"ሚስት አለህ?" አልኩት። ከአፌ ቀድሞ የወጣው ይሄ ነው፤ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ሳቅ አለ። "እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ልቤ ማንን እንደሚወድ ለእብጠቱ ምኑ ነው? እኔ ከልጅነቴ ራሴን የማውቀው ወንድ ብዬ ነው። ሰውነቴ የተወለድኩበት ነው፣ እብጠቱም እሱ ላይ ነው። በየትኛው በር እንደምገባ ብቻ ይጻፉልኝ።"

ያን ሁሉ ጊዜ እኛ አንድ አድርገን የፈራነውን ነገር፣ እጅጌው በሙዝ እድፍ የጠቆረ ሰው ቆሞ ለሁለት ከፈለው። ገጹን ፕሪንተር ውስጥ አስገባሁና ከፊርማዎቹ በላይ አተምኩበት፦ "ጾታዊ ዝንባሌ፦ የሰው ልብ ወደ ማን እንደሚያዘነብል። የጾታ ማንነት፦ ሰው ራሱን ማን ብሎ እንደሚያውቅ። አንዱን ማወቅ ሌላውን አያሳውቅም። ታካሚው ራሱን በሚጠራበት ስም ይጠራ፤ ያመመው ቦታ ይታይለት።"

"ማህተሙ ይሠራል?" አለኝ።

"ከሁሉም በፊት ያለቀው እሱ ነው" አልኩት።

በዚያው ቀን ሲስተር ብርቱካን ራሷ ይዛው ወደ ሐኪሙ ገባች። እብጠቱ ሳይብስ በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ገጹንም በየጤና ጣቢያው ላሉ ጓደኞቿ አዳረሰችው።

ብዙም ሳይቆይ አቶ መስፍን ደወሉ። ሊያሳስሩኝ ነው ብዬ አሰብኩ።

"ገጽ ዘጠኝ ላይ ጽሑፍ አለ ይላሉ" አሉ።

"አዎ፣ አለ።"

"ፊርማዬስ አለበት?"

"አለበት።"

"እንግዲያው አንብቤዋለሁ ማለት ነው" ብለው ዘጉት።

ለወጣት ተርጓሚዎች የምለው ይህን ነው። ቃሉ የሰው ኑሮ ከሆነ፣ መዝገበ ቃላት ከመግለጣችሁ በፊት የሚኖረውን ሰው ጠይቁ። እኔ ቀድሜ ጠይቄ፣ ገጹ ባዶ ሲቀርም በመሳቅ ፈንታ ተቃውሜ ቢሆን ኖሮ፣ ዓለሙ እብጠት ይዞ ሁለት ሳምንት ባልተመላለሰ ነበር።